እናቲቱና ሕፃኑ በየትኛው በር ወጡ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? ማለዳ ከመናኸሪያ ተነስታችሁ፣ የጫሞን ሐይቅ በግራ የጊዶሌን ተራራ በቀኝ ትታችሁ ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። የኮንሶን እርከን እያያችሁ ካራትን ታልፉና ወደ ወይጦ ቆላ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ቀይ አፈር። ዕለቱ ሐሙስ ከሆነ ገበያ ነውና መንገዱ በበና፣ በፀማይና በሐመር ሰዎች ይሞላል። አውቶቡስ ውስጥ ያለነው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይተን፣ ስለ ጌጣቸውና ስለ ፀጉራቸው አንድ ሁለት ነገር ተባብለን እናልፋለን። ዛሬ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው በዚያ መንገድ መጨረሻ፣ ጂንካ ከተማ ውስጥ ስለተከፈተ አንድ ቤት ልነግራችሁ ነው። ስለዚያ ቤት በደንብ ለመናገር ግን እስከ አየርላንድ ድረስ መሄድ ይኖርብናል፤ ታገሡኝ።

በኦሞ ወንዝ ዳር፣ ዱስ፣ ላቡክና ቆርቾ በሚባሉ መንደሮች የሚኖሩት ካራዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። እነርሱም ጎረቤቶቻቸው ሐመሮችና በናዎችም «ሚንጊ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ሚንጊ ነው። መንትዮች ሚንጊ ናቸው። ወላጆቹ ባልና ሚስት ቢሆኑም ሥርዓቱ ሳይፈጸምና የሽማግሌዎች ፈቃድ ሳይገኝ የተፀነሰ ልጅ ሚንጊ ነው። ያላገባች ልጃገረድ የወለደችውም እንዲሁ። ሚንጊ የሆነ ልጅ በመንደሩ ከቆየ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ ጫካ ውስጥ ይጣላል፣ ወይም ወደ ወንዙ ይወረወራል፣ ወይም አፉ በአፈር ይሞላል።

ይህን ስታነቡ ምን እንደተሰማችሁ እገምታለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ልጅ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ልጅ ይወዳሉ፣ ለልጅ ሲሉ ከብት ያረባሉ፣ ለልጅ ሲሉ ይዋጋሉ። ውሳኔው የተወሰነው በጥላቻ ሳይሆን በፍርሃት ነው፤ አንዱ ልጅ ከሚተርፍ ሁሉም ልጆች ይትረፉ በሚል ስሌት። እናቲቱ ታለቅሳለች፤ ግን እርሷን የሚጠይቅ የለም። የመንደሩ ደግ ሰዎች፣ የተከበሩት ሽማግሌዎች፣ ነገሩን ለሕዝባቸው ሲሉ እንዳደረጉት ያምናሉ። ይህን ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ሌላ አገር ስንሄድ ያስፈልገናል።

ላሌ ላቡኮ የካራ ልጅ ነው። ከወገኖቹ መካከል ትምህርት ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሽማግሌዎች የሁለት ዓመት ሕፃን ከእናቷ ነጥቀው ወደ ወንዙ ሲወስዱ አየ። ግራ ገብቶት እናቱን ጠየቃት። እናቱም እርሱ ከመወለዱ በፊት ሁለት እኅቶች እንደነበሩት፣ ሁለቱም ሚንጊ ተብለው እንደተወሰዱ ነገረችው። እስከዚያ ቀን በቤታቸው ስለ እነርሱ አንድ ቃል ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ላሌ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ሽማግሌዎችን መለመን ጀመረ። ልመናው ብልህነት ነበረበት። «እምነታችሁ ከንቱ ነው» ብሎ አልጀመረም፤ ልጁ ከመንደሩ ከራቀ እርግማኑም ይርቃል፣ ስለዚህ አትግደሉት፣ ለእኔ ስጡኝ አላቸው። እነዚያን ልጆች ጂንካ ላይ በአንድ ቤት ሰበሰበ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጆን ሮው አገዘው፤ ድርጅታቸው «ኦሞ ቻይልድ» ተባለ። ከ30 በላይ ልጆች በዚያ ቤት አደጉ። ዓመታት አለፉ፤ የተባለው ድርቅ በልጆቹ ምክንያት አልመጣም። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የካራ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሚንጊ ይብቃ ብለው ወሰኑ። ውሳኔው የካራ ብቻ ነበር፤ በሐመርና በበና ጉዳዩ በዚያ ቀን አልተዘጋም። ታሪኩ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ዘጋቢ ፊልም ተተርኳል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንጌል ለደረሰን ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላላችሁ። ከወላይታ በእግራቸው ተነስተው እስከ ኦሞ ማዶ የዘለቁትን ወንጌላውያን ታሪክ እየሰማን ያደግን ልጆች ነንና እንዲህ ማሰባችን አያስገርምም። እኔም እንዲህ ባስብ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ሌላ ፊልም ማየቴ ነው።

ፊልሙ «ፊሎሚና» ይባላል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ድራማ ነው። ፊሎሚና ሊ በ1933 በአየርላንድ ተወለደች። ልጅ እያለች እናቷ ሞተችና መነኮሳት በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አደገች። በ18 ዓመቷ አንድ ወጣት አግኝታ አረገዘች። ልጅ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ያስተማራት ሰው አልነበረም። ቤተሰቧ ሮስክሬ በሚባል ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የሾን ሮስ ገዳም ላካት። ይህ ገዳም «የእናትና ሕፃን ቤት» ከሚባሉት አንዱ ነበር። ልጇን አንቶኒን በሐምሌ 1952 ወለደች። ከሦስት ዓመት በላይ በልብስ ማጠቢያው እየሠራች በቀን ለጥቂት ጊዜ ታየው ነበር። በታኅሣሥ 1955 ልጁ ለጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። እርሷ ወጣች፣ አገባች፣ ሌሎች ልጆች ወለደች፣ እና ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለማንም አልተናገረችም።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ ማይክል ሄስ ተብሎ አደገ፤ በአሜሪካ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ዋና የሕግ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። እናቱን ፍለጋ ወደ ሮስክሬ ሄዶ ጠየቀ። እናቱም ልጇን ፍለጋ እዚያው ቦታ ሄዳ ጠየቀች። ለሁለቱም አልተነገራቸውም። እርሱ በ1995 ታሞ ሞተ። ከመሞቱ በፊት እዚያው ገዳም ግቢ እንዲቀበር ለመነ፤ ምናልባት እናቴ አንድ ቀን መጥታ ታገኘኝ ይሆናል ብሎ። አገኘችው።

ፊሎሚና አንዷ ናት። የአየርላንድ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1922 እስከ 1998 ባለው ጊዜ በመረመራቸው 18 ተቋማት ወደ 56,000 የሚጠጉ ያላገቡ እናቶችና ወደ 57,000 የሚጠጉ ልጆች እንዳለፉ አስፍሯል። ከልጆቹ 9,000 ያህሉ ሞቱ። ከመቶ 15 ማለት ነው። ኮርክ አጠገብ በነበረው ቤስቦሮ በሚባለው ቤት፣ በ1943 ከተወለዱትና ከገቡት ሕፃናት 75 በመቶው ሞቱ። ይህ የሆነው በኦሞ ዳር ሳይሆን ደወል በሚደወልበት፣ ጸሎት በየሰዓቱ በሚደረግበት ግቢ ነው። ሴቶቹ በብዙዎቹ ቤቶች በራሳቸው ስም አይጠሩም ነበር፤ ሲገቡ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል።

ቱዋም በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ የቦን ሴኩር እኅቶች ከ1925 እስከ 1961 ያስተዳደሩት ቤት ነበር። ከተዘጋና ከፈረሰ በኋላ ቦታው ላይ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የዚያው አካባቢ ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቃት ምሁር ሳትሆን የሰፈሯን ታሪክ መጻፍ የምትወድ የቤት እመቤት፣ «እዚያ የሞቱት ሕፃናት የት ተቀበሩ?» ብላ ጠየቀች። የመቃብር መዝገብ የለም። ወደ መዝገብ ቤት ሄዳ የሞት ምስክር ወረቀቶችን ከኪሷ እየከፈለች አንድ በአንድ አወጣች። 796 ሆኑ። በ2014 ነገሩ ዓለም ሰማው፤ በ2017 ምርመራው ከመሬት በታች ባለ፣ ከቆሻሻ ፍሳሽ ጋር በተያያዘ ክፍል ውስጥ የሕፃናት አፅም እንዳለ አረጋገጠ።

ክፉዎቹ መነኮሳት ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን ልጅቷን በጋሪ ወይም በመኪና እስከ በሩ ያደረሳት ማን ነበር? ብዙ ጊዜ አባቷ ነው። ማን መከረው? የደብሩ ቄስ። ቄሱስ ማንን ፈርቶ? ምእመናኑን። ምእመናኑስ? እርስ በርስ። ኮሚሽኑም የመጀመሪያውን ኃላፊነት በልጆቹ አባቶችና በራሳቸው በሴቶቹ ቤተሰቦች ላይ አደረገ፤ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ደግፈዋል አለ። ከእነዚያ ቤቶች የተረፉ ብዙ ሴቶች በዚህ አባባል ተቆጡ፤ ተቋማቱን ያቀለለ መስሏቸዋል። ንዴታቸው ይገባኛል። ቢሆንም ከሚንጊው ታሪክ ጋር ሳስተያየው አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ፦ የመንደሩ ደግ ሰዎች፣ ለሕዝባቸው ክብር ሲሉ፣ ያለቀሰችውን እናት ሳይጠይቁ። ልዩነቱ ካራዎቹ የፈሩት ድርቅን መሆኑ ነው፤ አየርላንዶቹ የፈሩት ሐሜትን ነው።

«ካቶሊኮች ናቸው፤ እኛ የወንጌል አማኞች እንዲህ አናደርግም» የሚል አለ? ለዚያ አንባቢ ሌላ አድራሻ ልስጠው። ደብሊን ከተማ፣ ቢታንያ ቤት። ማርያምና ማርታ ወንድማቸውን ከሞት ተነስቶ የተቀበሉበትን መንደር ስም የያዘው ይህ ቤት የፕሮቴስታንቶች ነበር፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ በ1972 የተዘጋ፣ ዓላማው «የወደቁ» ሴቶችን ወደ ንስሐ ማምጣት የነበረ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበብበት፣ መዝሙር የሚዘመርበት የወንጌላውያን ቤት። ከዚያ ቤት የሞቱ ከ200 በላይ ሕፃናት ማውንት ጀሮም በሚባለው መቃብር ያለ ምልክት ተቀብረው ተገኙ። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የቆመላቸው በ2014 ነው። ይህን ሳነብ የካቶሊኮቹን ያህል ሳይሆን የበለጠ አመመኝ፤ ምክንያቱም መዝሙሮቹን አውቃቸዋለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት ሁሉ እስር ቤት መሆኑ የማይቀር ነው? አይደለም፤ ታሪክ ሌላም ምስክር አለው። በኒው ዮርክ ቻርልስ ክሪተንተን የሚባል የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ ነበር። በ1882 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት ልጁ ፍሎረንስ ሞተችበት። ሐዘኑ ወደ ጌታ መለሰው፤ በሌሊት ከሚሰብኩ ሰዎች ጋር መንገድ ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ ሌሊት ለአንዲት ልጅ «ሂጂ፣ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» ካላት በኋላ፣ «ግን ወዴት ትሂድ?» የሚለው ጥያቄ እንደያዘው ራሱ ተርኳል። በ1883 በሟች ልጁ ስም ቤት ከፈተ። ሲሞት በ1909 እነዚህ ቤቶች ከ70 በላይ ሆነው ነበር። ሐኪሟ ኬት ዎለር ባሬት ሥራውን ስትመራ አንድ ጠንካራ ደንብ ነበራት፦ እናትና ልጅ አይለያዩም። እናቲቱ ታጥባለች፣ ሙያ ትማራለች፣ ስትወጣ ልጇን ይዛ ትወጣለች። በጊዜው ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ «ነውሯን ታቅፋ ትዙር ማለት ነው?» የሚሉ ብዙ ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ያ ደንብ በአሜሪካ ተሸረሸረ። ልጅ የሌላቸው ባለ ትዳሮች ሕፃናት ይፈልጋሉ፤ ባለሙያዎቹም ለልጁ የሚሻለው ጉዲፈቻ ነው ማለት ጀመሩ። ልጃገረዶች «አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳለች» እየተባለ ወደ ቤቶቹ ይላካሉ፣ ይወልዳሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሕንፃው አልተቀየረም፤ በብዙዎቹ ስሙም አልተቀየረም። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቲቱ በአንድ በር፣ ሕፃኑ በሌላ በር መውጣታቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ቤት ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። አልጋው ስንት ነው፣ ጸሎቱ ስንት ሰዓት ነው አልልም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ እንደ አየርላንዱ ዓይነት ትልልቅ ግቢዎች አልተሠሩም። ለዚህ ምስጋናው ለማንም ሳይሆን ለአያቶች ይመስለኛል። ሳታገባ የወለደች ልጅ ሕፃኗን እናቷ ዘንድ ትተዋለች፤ አያት ታሳድጋለች፤ ልጁም እናቱን «እኅቴ» እያለ ያድጋል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያደጋችሁ አትጠፉም። በነገሥታቱም ቤት ቢሆን ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ሲወለዱ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ፤ ከልዑሉ ከኃይለ መለኮት ጋር በጋብቻ አልተሳሰሩም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ነበር፣ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሲባሉ የኖሩትን መንገሻን «ልጄ ነው» ያሉት። ንጉሠ ነገሥት እንኳ ይህን አንዲት ቃል ለመናገር የሞት አልጋ ጠበቁ!

«ዲቃላ» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ትርጉሙን ሳይሆን ድምፁን፣ በጠብ መሐል እንደ ድንጋይ ሲወረወር። ሕጋችን ቃሉን ትቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አባትነት በፍርድ ቤት የሚረጋገጥበትን መንገድ አስፍቷል፤ ቀድሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዱ በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ብቻ የታጠረ ያህል ነበር። ሕጉ እንግዲህ ከእኛ ቀድሟል።

ሌላው የእኛ ታሪክ ደግሞ የጉዲፈቻው ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ልጆች ከ15,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ከዚሁ ከደቡብ የተወሰዱ ናቸው። የተቀበሏቸው ቤተሰቦች ውስጥ የወንጌል አማኞች ብዙ ነበሩ፤ በቅን ልብ፣ «የሙት ልጅን መጎብኘት» የሚለውን ትእዛዝ ለመፈጸም። ነገር ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ የሙት ልጆች አልነበሩም፤ በሕይወት ያለች እናት ነበረቻቸው፣ ድኻ፣ ብዙ ጊዜም ብቻዋን። በማታነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ልጇ ተምሮ የሚመለስ መስሏት ያሳረፈች እናት አለች። በሌሎች ባህል ጉዲፈቻ ማለት ዝምድና መጨመር እንጂ መቁረጥ አይደለምና ቃሉ ራሱ አሳስቷታል። ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ያለ ግድግዳ፣ ያለ ገዳም፣ እኛም እናትን በአንድ በር ልጅን በሌላ በር አስወጥተናል፤ የእኛው በር ቦሌ ሆነ እንጂ።

ስለ እናንተ ልናገር፤ ከዚህ በፊት ያልኩት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው። ኳየር ውስጥ ሦስተኛው መስመር ላይ ትቆም የነበረች ልጅ አለች። አንድ እሑድ ጠፋች። «ታማለች» ተባለ። ከዚያ «አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ሄዳለች» ተባለ። ከዚያ ሹክሹክታ፤ ከዚያ ከማስታወቂያ በኋላ በሽማግሌዎች የተነበበ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፦ እኅታችን ከአገልግሎትና ከጌታ እራት ታግዳለች። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ በዚያች እሑድም ኪቦርዱን ተጫወተ። ይህችን ልጅ በስም አልጠራትም፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናት ብላችሁም አትጨነቁ። በየአጥቢያው ታውቋታላችሁ።

የቤተ ክርስቲያን ተግሣጽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኃጢአትን ኃጢአት ማለት አለብን፤ ጋብቻን ማክበር አለብን። ጥያቄዬ ተግሣጹ ለምን ማህፀን ያላትን ብቻ ያገኛል የሚል ነው። በዘፍጥረት 38 ትዕማር አርግዛ ተገኘች፤ ይሁዳም ወዲያው «ታውጡና ትቃጠል» ብሎ ፈረደ። እርሷ ቀለበቱን፣ አምባሩንና በትሩን ላከችለት። ይሁዳ የራሱን ዕቃ አወቀ፤ ከእኔ ይልቅ እርሷ ጻድቅ ናት ማለቱን ታሪኩ አልደበቀም። ማቴዎስም የጌታችንን ትውልድ ሲቆጥር ስሟን አልዘለለም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በትሩ የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ፍርዱን እናነባለን።

እንዲህ ባለው ጉዳይ ጋሞ ለምን ይደበቃል? ነገርን ወደ አደባባይ ማውጣት እኮ የምናውቅበት ሥራ ነው። ዱቡሻ ላይ የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ በደሉን ይናገራል፣ ሽማግሌ ይሰማል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቡራዩ ለተገደሉት ወገኖቻቸው ለመበቀል ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቻችን ርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አገር ሁሉ አየ፣ አደነቀ። ለደም እንዲህ የሚንበረከክ ሕዝብ፣ ለአንዲት ያረገዘች ልጁ ግን ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ይፈልግላታል። አዲስ አበባ ስትደርስ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ሕፃኑን ለማታውቀው ሰው ሰጥታ፣ ወይም ከዚህ የባሰ ነገር ደርሶባት ስትቀር፣ እኛ «ዓለም ወሰዳት» እንላለን።

ላሌ ላቡኮ ጂንካ ላይ ቤት መክፈት ነበረበት፤ ልጆቹ መንደራቸው ቢቀሩ ይሞቱ ነበርና። ዓላማው ግን ቤቱ አስፈላጊ የማይሆንበት ቀን ነበር። ለዚህ ነው ልጆችን ከመሰብሰብ ጎን ሽማግሌዎቹን መለመኑን ያልተወው።

በእኛ አጥቢያዎች ሕፃናትን ለእግዚአብሔር የምናቀርብበት እሑድ አለ። እናቶች ነጭ ለብሰው፣ አባቶች ኮት ደርበው ወደ ፊት ይወጣሉ፤ መጋቢው ልጆቹን አንድ በአንድ እየታቀፈ ስማቸውን በማይክ ይጠራል፣ ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ ኳየሩ ይዘምራል። ያቺ የሦስተኛው መስመር ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች እንበል። ንስሐ ገብታለች፤ እገዳዋ አልፏል። የሕፃኑ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ማንስ አብሯት ይወጣል? አንቺ ከአጠገቧ የምትዘምሪው፣ አንተ ኪቦርዱን የምትጫወተው፣ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የወጣት ህብረቱ አገልጋዮች ናቸውና ጥያቄው ለሽማግሌዎች ብቻ አይደለም።

ቱዋም ላይ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ቁፋሮው ተጀምሯል። የእነዚያ ሕፃናት ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ አፅሞቹ እንዲለዩ ለዘረ መል ምርመራ ናሙና ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት እንደነበራቸው ያወቁት ካትሪን ኮርለስ ስሞቹን ስታወጣ ነው።